ሚጡን አታስርቧት፦ የወፈረች ድመት እንዴት ትቀንሳለች?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የምትኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚጡ የምትባል የ6 ዓመት ድመት አላቸው። እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ እየወፈረች ሄዳ አሁን 6.4 ኪሎ ገብታለች። ሶፋ ላይ መዝለል ትታለች። ጀርባዋን መላስ ስላቃታት ጅራቷ ሥር ያለው ጸጉር ተድበልብሏል። አንዲት ጎረቤት «ሁለት ሦስት ቀን አስርቧት፣ ሆዷ ሙሽሽ ይላል» ብለዋል። ሌላዋ ደግሞ «ሁዳዴ እየገባ ነው፤ አብራችሁ ትጹማ!» ብላ ስቃለች። «ዶክተር፣ የቱን ልስማ? ምግቧንስ በስንት ልቀንስ? ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ላይት የሚል ምግብስ ይረዳል?» ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚ። ሰው ሦስት ቀን ቢጾም ይደክማል፣ ይከሳል፣ ከዚያ በልቶ ይነሳል። ውሻም ቢሆን ይችለዋል። ድመት ግን አትችልም። የወፈረች ድመትማ ጭራሽ አትችልም። ይህን የምለው አሳዝናኝ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ የጉበት ነው።

የወፈረች ድመት ምግብ ስታጣ ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ እያወጣ ወደ ጉበቷ ይልካል። ጉበቷ ስቡን ወይ ወደ ጉልበት መቀየር፣ ወይ አሰናድቶ መልሶ ማስወጣት አለበት። የድመት ጉበት ይህን ሥራ በብዛትና በፍጥነት አይችለውም። በዚያ ላይ ስቡን ለማስወጣት ፕሮቲን ይፈልጋል። ፕሮቲኑ ደግሞ የሚገኘው ከምግብ ነው፤ እሱ ተከልክላለች። ስለዚህ ስቡ እዚያው ጉበቷ ውስጥ ይቀራል። ጉበቷ ሥራ ሲያቅተው ያቅለሸልሻታል። ሲያቅለሸልሻት ምግብ ትጠላለች። ምግብ ስትጠላ ደግሞ ሌላ ስብ ይጎርፋል። አንዴ እዚህ ውስጥ ከገባች በኋላ ሥጋም ብታቀርቢላት ፊቷን ታዞራለች።

ክሊኒክ የመጣ አንድ ቀይ ወንድ ድመት ትዝ ይለኛል። ድብልብል ያለ ነበር። ባለቤቱ «ምግብ ቀይሬበት አኩርፎ ነው፤ ሲርበው ይበላል ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ሳይ ቢጫ ነው። ጆሮውን ገልበጥ አድርጌ ሳይ ውስጡ ቢጫ ነው። ሰው ላይ የወፍ በሽታ የምንለው ዓይነት ቢጫነት ማለት ነው። ድኗል፤ ግን ለሳምንታት አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ እየተመገበ ነው የዳነው። ያ ሁሉ የመጣው «ሲርበው ይበላል» ከሚል አነጋገር ነው። ለልጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለወፈረ ድመት አይሠራም።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመጀመራችን በፊት አንድ ሕግ እንያዝ። ሚጡ ቀኑን ሙሉ፣ ማለትም 24 ሰዓት፣ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ይደወላል። ሁለት ቀን ከሞላት አስቸኳይ ነው፤ ቅዳሜ ይሁን እሁድ አይጠበቅም። ማክሳቱ የሚሠራው እየበላች ነው።

አሁን ወደ ሚጡ እንምጣ። መጀመሪያ ውፍረት መሆኑን እናረጋግጥ። ሚዛን ብቻውን አይበቃም። አጠገብሽ ቁጭ ስትል ሁለቱን መዳፎችሽን በጎንና ጎኗ አድርጊና ሳትጫኚ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራትቺ። የጎን አጥንቶቿን በቀላሉ መቁጠር ከቻልሽ ደህና ነች። ተጭነሽ ፈልገሽ ካገኘሻቸው ወፍራለች። ፈልገሽም ካጣሻቸው በጣም ወፍራለች። ቀጥሎ ቆማ ሳለ ከላይ ተመልከቻት። ከጎን አጥንቷ በኋላ ወገቧ ጠበብ ማለት አለበት። ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ ወይም ወደ ጎን ካበጠ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሆዷ ሥር ስትራመድ ወዲያ ወዲህ የምትል ልል ቆዳ ካለች ግን አትደንግጪ። እሷ ከሲታ ድመቶችም ላይ አለች፤ ተፈጥሮዋ ነው።

ይህን የምታነቡ ሌሎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሆድ ሁሉ ስብ አይደለም። ኦፕራሲዮን ያልተደረገች ሴት ድመት ሆዷ ሲገፋ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። ጀርባዋ ከስቶ ሆዷ ብቻ የተነፋ ከሆነ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ሆድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከባድ በሽታ ነው። ወፍራ የነበረች ድመት ድንገት መክሳት ከጀመረች፣ ውኃ እያበዛች አሸዋዋን ቶሎ ቶሎ የምታርስ ከሆነም «ተመስገን፣ ቀነሰች» አትበሉ። የስኳር በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። የወፈሩ ድመቶች ደግሞ ለስኳር በጣም የተጋለጡ ናቸው።

ሚጡን አንድ ጊዜ ሐኪም ይያት የምለውም ለዚህ ነው። የስኳርና የጉበት የደም ምርመራ ይበቃል። ለሐኪሙ የምትነግሪው አንድ ነገር አለ። ለማሳከክ ወይም ለቆዳ ተብሎ ተደጋጋሚ መርፌ ተወግታ ታውቃለች? አንዳንዱ መርፌ ኮርቲሶን ነው። ኮርቲሶን ሆድ አይጠግቤ ያደርጋል፣ ስኳርም ያመጣል። ከኦፕራሲዮን ይልቅ እንዳትወልድ የሚሰጠው የሆርሞን መርፌም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ላይ የጡት ዕጢ ያስከትላል። እሱን የሚሰጡ ሰዎች ርካሽ ስለሆነ ነው የሚሰጡት፤ በኋላ ግን ያስከፍላል።

የሚጡ ውፍረት ከየት መጣ? ግማሹ ከኦፕራሲዮኑ ነው። ድመት ስትመክን የምግብ ፍላጎቷ ይጨምራል፤ ሰውነቷ የሚያቃጥለው ጉልበት ግን ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ይህን ማንም አልነገረሽም፤ እኛ ሐኪሞች ስፌቱ መድረቁን እናይና እናሰናብታለን። ኦፕራሲዮኑ ግን ትክክል ነው፤ አትጸጸቺ። ሳህኗ ብቻ በዚያው ቀን መቀነስ ነበረበት።

ሌላው ግማሽ ከእጅ ብዛት ነው። ጥያቄሽ ውስጥ «ብዙም አትበላም» ብለሻል። ይህን የማይል ደንበኛ የለኝም። አንቺ የምትሰጫትን ብቻ ስለምታውቂ ነው። እስቲ ሦስት ቀን ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፊ። የቤቱ ሰው ሁሉ ለሚጡ የሰጠውን ይጻፍ፤ አንድ ጉርሻም ብትሆን። ቅጣት የለም፣ ወቀሳ የለም፣ መጻፍ ብቻ። ፎቅ ለፎቅ የምትዞር ከሆነ ጎረቤቱንም ጠይቂ።

እንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ ምን እንደሚገኝ ልንገርሽ። እናት ጠዋት ማኪያቶ ሲያፈሉ አንድ ሲኒ ወተት ይሰጧታል፦ 50 ካሎሪ ገደማ። ልጆቹ ከእንቁላል ፍርፍራቸው ያቃምሷታል። ንጥር ቅቤ ያለበትን ማንኪያ ትልሳለች፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን 40 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከታች ያለው ጥበቃ ከምሳው ያካፍላታል። ሥጋ ቤቱ ሰዎች ሲያዩዋት ጮማ ይጥሉላታል፤ ሁለት ጣት የምታህል ጮማ ከመቶ ካሎሪ በላይ አላት። ይህ ሁሉ ሳይቆጠር ደረቅ ምግቧ ያለበት ሳህን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጥጋቡ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሰጠው፣ ሁሉም «ብዙም አትበላም» ነው የሚለው። እውነታቸውንም ነው።

እስቲ ከሚያስፈልጋት ጋር እናወዳድር። የእሷ አጥንት ያላት ድመት 4.5 ኪሎ ብትሆን ደግ ነው ብዬ ልነሳ፤ ሐኪምሽ ዳስሶ ትንሽ ሊያስተካክለው ይችላል። ስሌቱን የምንሠራው አሁን ባለችበት ሳይሆን ልትደርስበት በሚገባው ክብደት ነው። 4.5 ኪሎ ድመት ተኝታ ብትውል እንኳ ለመተንፈስ፣ ለልብ ምት፣ ለሙቀት በቀን ወደ 216 ካሎሪ ታጠፋለች። ለማክሳት የዚህን 80 በመቶ እንሰጣለን። 175 ካሎሪ አካባቢ ይመጣል። የቀኑ በጀት ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር ከዚህ ውስጥ ይወጣል። አሁን የጠዋቷን ሲኒ ወተት መልሰሽ እያት፤ ከበጀቱ ሩብ በላይ በላች ማለት ነው። ያውም ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ወተት አይስማማቸውም፤ ያስቀምጣቸዋል።

175 ካሎሪ በምግብ ሲመነዘር ምን ያህል ነው? ደረቅ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ 100 ግራሙ ከ350 እስከ 400 ካሎሪ አለው። ስለዚህ ደረቅ ብቻ ከበላች በቀን 45 ግራም አካባቢ ነው። በዓይን ሲታይ ያስደነግጣል፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እርጥቡ፣ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠው፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ውኃ ነው። 85 ግራም የሚይዘው ፓኬት በአብዛኛው 60 እስከ 80 ካሎሪ ነው። እኔ የምመርጠው ቅልቅሉን ነው፦ በቀን አንድ እርጥብ ፓኬት፣ ከ28 ግራም ደረቅ ጋር። እርጥቡ ሆዷን ይሞላል፣ ውኃም ያጠጣታል። ድመት በተፈጥሮዋ ውኃ ጠጪ አይደለችም። ወንድ ድመት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ወፍራም፣ ቤት የሚውልና ደረቅ ብቻ የሚበላ ወንድ ድመት ሽንቱ ሊዘጋ ይችላል። አሸዋው ላይ እየተቀመጠ አምጦ ጠብ የማይለው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

ስለ ላይት ምግብ ጠይቀሽኛል። ሊረዳ ይችላል፤ ግን ስሙ አያታልልሽ። ላይት ማለት ያው ኩባንያ ከሚሠራው ከሌላው ምግብ ቀለል ያለ ማለት ነው፤ የአንዱ ላይት ከሌላው መደበኛ ሊበልጥ ይችላል። ከረጢቱን አገላብጪና በ100 ግራም ስንት ካሎሪ እንዳለው፣ ፕሮቲኑ ስንት እንደሆነ እዪ። ፕሮቲኑ ከፍ ያለውን ውሰጂ፤ ስብ እንጂ ጡንቻ እንዳይቀንስባት። ለማክሻ ተብሎ በሐኪም የሚታዘዝ ምግብ ካገኘሽ ከሁሉም የተሻለ እሱ ነው፤ ትንሽ ስትበላም ቫይታሚኑና ማዕድኑ እንዳይጎድልባት ታስቦ የተሠራ ነው። ካላገኘሽ በተራው ምግብም እንሠራለን፤ ሐኪምሽ ግን ይወቀው። ማንኛውንም ምግብ ስትቀይሪ ግን በአንድ ቀን አይደለም። ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልሽ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውሰጂ። ያ ቀይ ድመት ትዝ ይበልሽ።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ ይመጣል። «ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ምግብ ውድ ነው። ሳምባ ብንገዛላትስ?» እውነት ነው፣ ውድ ነው። የሉካንዳ ሳምባ፣ ልብ፣ ጉበት የአዲስ አበባ ድመት ቀለብ ሆኖ ኖሯል። ሳምባ ለማክሳት መጥፎ አይደለም፤ ተቀቅሎ 100 ግራሙ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት ደግሞ 165 ገደማ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ጉበት ደግሞ ቫይታሚን ኤ የበዛበት ነው። ጉበት በየቀኑ የምትበላ ድመት ከጊዜ በኋላ የአንገቷ አጥንቶች እርስ በርስ ይጣበቁና አንገቷን ማዞር ያቅታታል። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ ያውም ቅንጣቢ ይሁን። ልብ ጥሩ ነው፤ ታውሪን አለው። ታውሪን ድመት ከምግቧ ካላገኘችው የልቧ ጡንቻ የሚልላት፣ ዓይኗ የሚጠፋባት ንጥረ ነገር ነው። የልቡ ጉዳይ በሳይንስ የታወቀው በ1987 ገደማ ነው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ የሚያመርቱት መጠኑን ከፍ አድርገዋል። ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውኃው ይወጣል። ስለዚህ መረቁን አትድፉት፤ ጨው የሌለበት ከሆነ አብሮ ይሰጣት።

የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ አቅም ከፈቀደ ከበጀቷ አብዛኛው የተሟላ የድመት ምግብ ይሁን፣ ሥጋው ማሟያ ይሁን። ሙሉ በሙሉ በሥጋ መቀጠል ካለባችሁ ካልሲየሙንና ሌላውን በምን መጠን እንደምትጨምሩ ሐኪም በግራም ጽፎ ይስጣችሁ። ሥጋው ሁልጊዜ ይቀቀል። ጥሬው ለሷም ለናንተም ትልና ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ያመጣል፤ ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች ደግሞ በተለይ።

ወጥ ግን በፍጹም። በበርበሬው አይደለም፣ በሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት የድመት ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ለሚጡ 30 ግራም ገደማ ማለት ነው። ዶሮ ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ከኔ ይልቅ እናትሽ ያውቃሉ። ቀቅለው፣ አቁላልተው፣ አድርቀው ቢሰጧትም ለውጥ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። «ለትሏ ጥሩ ነው» ብለው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የሚያልሱ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። የትል መድኃኒት ክሊኒክ አለ።

ወደ ጎረቤትሽ ሁዳዴ ልመለስ። ቀልድ ነው፣ ግን ብዙ ቤት እውነት ይሆናል። ጾሙ ሲገባ ቤት ውስጥ ሥጋ አይገባም፤ 55 ቀን ድመቷ ሽሮና ዳቦ ትበላለች። ሽሮው ሽንኩርት አለው። ዳቦው ስታርች ነው፤ ያወፍራል እንጂ አይጠቅማትም። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና በአንድ ሌሊት ቅልጥም፣ ዱለት፣ የዶሮ ቆዳ ይዘነብላታል። ድመት ሥጋ በል ነች፤ ለመኖር ከሥጋ የሚገኙ ነገሮችን የግድ ትፈልጋለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚባለው ለሐሜት ቢሆንም፣ በሕክምናው በኩል ስናየው መርሳትም አትችልም።

እናትሽ በጾም ወጥ ቤት ውስጥ የሥጋ ሽታ እንዳይኖር ቢፈልጉ ደግሞ መብታቸው ነው፤ አትጨቃጨቂ። ለጾሙ ወራት ደረቅና እርጥብ ፓኬት ይሻላል፤ አይቀቀል፣ አይሸት። ሥጋ የምትሰጫት ከሆነ ከቅበላ በፊት ቀቅለሽ፣ በ30 በ30 ግራም ከፋፍለሽ፣ በትናንሽ ላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። የራሷ ሳህን፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ የማጠቢያ ስፖንጅ ይኑራት። ለፋሲካ ደግሞ ለእንግዳው ሁሉ አስቀድመሽ ተናገሪ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል፤ በፋሲካ ማግስት የምናየው ይህንኑ ነው።

አሁን ሥራው ይጀመር። ከወረቀቱ ላይ ሚጡ በቀን ምን ያህል እንደምትበላ ካወቅሽ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ 175 አትውረጂ። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በየአራት አምስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነስሽ ድረሺ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዢ፤ በሲኒ መለካት ያሳስታል። ማታ ማታ የነገውን ቀለብ በሙሉ መዝኚና አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ማንም ለሚጡ መስጠት የሚፈልግ ሰው ከዚያ ዕቃ ብቻ ይስጣት። እናትሽም፣ ልጆቹም። ዕቃው ባዶ ከሆነ ቀኑ አልቋል። ይህ ዘዴ ጥሩነቱ ማንንም «አትስጪ» አለማለቱ ነው። እናትሽን ወተት መስጠት ከልክለሽ የትም አትደርሺም፤ ጠዋት የሚሰጧትን የደረቅ ምግብ ፍሬ ግን አንቺ መዝነሽ ታቀብያቸዋለሽ።

ድመት ዱር ብትሆን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ እያደነች ነው የምትበላው። አንድ ትንሽ አይጥ 30 ካሎሪ ገደማ ናት። ስለዚህ ቀለቧን በአራት ክፈይው፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት። የመጨረሻዋን አትዝለዪ። ሌሊት 11 ሰዓት ፊትሽ ላይ ወጥታ የምትጮኸው እሷ ስትዘለል ነው። ብትጮህም አትነሺ። አንድ ቀን ተነስተሽ ከሰጠሻት ነገ ሁለት እጥፍ ትጮኻለች፤ አስተማርሻት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ለጎረቤት አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ደረቁን ምግብ ሳህን ላይ አትድፊላት። ባዶ ሃይላንድ ውሰጂ። ከፍሬው ትንሽ ሰፋ ያሉ ሦስት አራት ቀዳዳዎች ብሺ፤ ጠርዛቸው እንዳይቧጭራት በላይተር ነካ አድርጊው። ፍሬዎቹን ጨምረሽ ክደኚና ወለሉ ላይ አንከባልዪው። መጀመሪያ አይታው ትሄዳለች። አንዷ ፍሬ ስትወድቅላት ትመለሳለች። ከጥቂት ቀን በኋላ በእግሯ እየመታች ሳሎኑን ታዞረዋለች። የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ፍሬ በትኖ መስጠትም ይሠራል። ከዚህ ሌላ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ አጫውቻት፤ እንጨት ጫፍ ላይ በክር የታሰረ የዶሮ ላባ ይበቃል። ክሩን ግን ጨዋታው ሲያልቅ ቆልፊበት። ድመት ክር ከዋጠች አንጀቷን ይጎትተዋል፤ ኦፕራሲዮን ነው። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ብቻውን አያከሳትም፤ የሚያከሳት ሳህኑ ነው። ጨዋታው ጡንቻዋን ይጠብቃል፣ ምግብ ምግብ ማለቷንም ያስረሳታል።

ስለ መመዘን። ፒያሳ እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ እሷን አቅፈሽ ብትወጪ ያስቃል፣ ግን አይጠቅምም። ሚጡ በሳምንት መቀነስ ያለባት ከክብደቷ ግማሽ በመቶ እስከ አንድ በመቶ ነው፤ ከ30 እስከ 65 ግራም ማለት ነው። የሰው ሚዛን ይህን አያይም። ለሻንጣ የሚሆነውን ዲጂታል ማንጠልጠያ ሚዛን ታውቂዋለሽ፤ ከውጭ ዘመድ የሚመጣበት ቤት ሁሉ አንድ አይጠፋም። ሚጡን እጀታው ጠንካራ በሆነ የገበያ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጪ፣ ፎጣ ጣል አድርጊባት፣ አንጠልጥዪና አንብቢ። ከዚያ የቅርጫቱንና የፎጣውን ክብደት ቀንሺ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት፣ በዚያው ሚዛን። ቁጥሩን እዚያው ፍሪጁ ወረቀት ላይ ጻፊ።

በሳምንት ከ130 ግራም በላይ ከቀነሰች ፈጥናለችና ምግቧን ጨምሪ፣ ሐኪምሽንም አማክሪ። አንድ ወር ሙሉ ምንም ካልቀነሰች መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቂ፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር መልሱ እዚያ ነው። ጥበቃው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ። ማንም ካልሰጣት ከበጀቷ አሥር በመቶ ቀንሺ። ከዚያ በታች ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ብቻ። ለ4.5 ኪሎ ለመድረስ ስምንት ዘጠኝ ወር ቢፈጅ ጤናማ ነው። ከፋሲካ በፊት ሞዴል ትሆናለች ብለሽ አትጠብቂ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጅራቷ ሥር የተድበለበለውን ጸጉር በመቀስ አትቁረጪው፤ የድመት ቆዳ ስስና ልል ነው፣ አብሮ ይቆረጣል። በማበጠሪያ ከጫፉ ጀምረሽ ፍቺ፣ እምቢ ካለ ክሊኒክ በማሽን ይላጭላታል። ሶፋ ላይ አለመዝለሏ ደግሞ ከክብደቱ ሌላ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊኖረው ይችላል። ለጊዜው አንድ ዝቅ ያለ ዱካ ሶፋው አጠገብ አድርጊላት። ለሕመሙ ግን ቤት ውስጥ ያለ የሰው ክኒን እንዳይሞከር። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል፤ ጉበቷ አያጣራውም። ይህን ለእናትሽም ንገሪያቸው፣ ለርኅራኄ ብለው ነው የሚሰጡት።

4.5 ስትደርስ ምግቧን ወደ ድሮው አትመልሺው። በአሥር በመቶ ጨምሪ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ መዝኚ። አሁንም ከቀነሰች ሌላ አሥር በመቶ ጨምሪ። ክብደቷ ቀጥ ሲል የዕድሜ ልክ ቀለቧን አገኘሽ ማለት ነው። ወረቀቱን እስከዚያ ድረስ ከፍሪጁ አታውርጂው። ከደም ምርመራው ውጤት ጋር የሦስቱን ቀን ዝርዝር ከላክሽልኝ ደግሞ በጀቱን አብረን እናየዋለን።